«ከወንበር ወደቀ» ብላችሁ ከመሳቃችሁ በፊት የሒሳብ መዝገቡን አሳዩን

ዛሬ የምሟገተው ከአንድ ቀልድ ጋር ነው። ቀልዱ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ እስካሁንም ይሳቅበታል።

ቡዙ ቻቪስ ይባላል። የሉዊዚያና ጥቁር ክሪዮል፣ አኮርዲዮን ተጫዋችና ዘፋኝ ነበር። በ1954 (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ) በሌክ ቻርልስ ከተማ ኤዲ ሹለር የሚባል የአነስተኛ ሙዚቃ ቤት ባለቤት ስቱዲዮ አስገባው። አጃቢው የአርኤንድቢ ባንድ ነበር፤ የገጠሩን የክሪዮል ጨዋታ ስላልለመደው እሱ በአንድ በኩል ሲሄድ ባንዱ በሌላ በኩል ይሄዳል። ሹለር ዕድሜውን ሙሉ እንዳወራው፣ ልጁ እንዲፍታታ ውስኪ ተሰጠው፤ ጠጣ፤ በቀረጻው ላይም ከወንበሩ ወደቀ። ቀልዱ ይኸው ነው። ስለ ቻቪስ የሚጻፍ ጽሑፍ ሁሉ ይደግመዋል።

ያ ቅጂ «ፔፐር ኢን ማይ ሹ» ነው፤ «በጫማዬ ውስጥ ወረቀት» ማለት ነው። ጫማው የተቀደደበት ደሃ ወረቀት አጥፎ ከእግሩ ሥር ይወትፋል፤ ርዕሱ ይህንን ነው የሚናገረው። ሸክላው ወጣ፣ በአካባቢው ተሰማ፣ ከመቶ ሺህ በላይ እንደተሸጠም ይነገራል። ዛሬ የዛይዴኮ የመጀመሪያው ተወዳጅ ሸክላ ተብሎ ይጠቀሳል።

ከዚያስ? ቻቪስ ጥቂት ሌሎች ሸክላዎች ቀድቶ አኮርዲዮኑን አስቀመጠ። እርሻውን ያዘ፤ የውድድር ፈረስ ማሠልጠን ጀመረ። ወደ መድረክ በሙሉ ልቡ የተመለሰው በ1984 ነው። በሃያዎቹ ዕድሜው የወጣ ሰው የተመለሰው በሃምሳዎቹ ነው። ምክንያቱን ሲጠየቅ እስከ ሞቱ ድረስ መልሱ አንድ ነበር፤ ሸክላዬን ሰረቁኝ፣ የድርሻዬን አልከፈሉኝም። የተሸጠውም ከተነገረው እጅግ ይበልጣል ብሎ ያምን ነበር።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። ትክክለኛው ቁጥር የቱ እንደሆነ እኔ አልፈርድም። የቻቪስ ግምት የተጋነነ ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ዘፋኙ ያለው ግምት ብቻ ነው፤ ስንት ታተመ፣ ስንት ተሸጠ፣ ስንት ተመለሰ የሚለው ወረቀት ያለው በሻጩ እጅ ነው። መዝገቡን የያዘው ሰው ስለ ውስኪው በዝርዝር ያወራል፤ መዝገቡን ያላየው ሰው ሲያማርር ደግሞ «ነጭናጫ» ይባላል። ታሪኩ ከሁለት ወገን ሲመጣ እኛ የመረጥነው የሚያስቀውን ነው። ሞጋቹ ጥያቄ እያለ ወንበሩን መረጥን።

አሁን ወደ ሰበቦቹ እንሂድ። ሦስት ናቸው።

አንደኛው ሰበብ፦ «ፈረስ ይወድ ነበር፤ የገጠር ሰው ነው፤ የመድረክ ሕይወት አልተስማማውም።» ፈረስ መውደዱ እውነት ነው። ያደገበት የዶግ ሂል ሰፈር የፈረስና የእሽቅድምድም አገር ነው። ግን ሰው ፈረስ ስለወደደ ሙዚቃ አይተውም። ከ1984 በኋላ እኮ ፈረሶቹን ይዞ ነው መድረክ ላይ የወጣው። ሜዞን ዴ ሶል ለሚባለው የሉዊዚያና ሙዚቃ ቤት ቀዳ፤ ለራውንደር ቀዳ፤ በየፌስቲቫሉ ዞረ። በ2001 ጸደይ ቴክሳስ ኦስቲን ውስጥ ከተጫወተ በኋላ ታሞ በሰባ ዓመቱ እዚያው እስኪሞት ድረስ አላቆመም። መድረክ የማይስማማው ሰው እንዲህ ያደርጋል?

የተመለሰበት አንዱ ምክንያትም ራሱ ብዙ ይናገራል። ሌላ ሰው በእሱ ስም እየተጫወተ መሆኑን ሰማ። ገንዘቡን ትቶ ሊኖር ችሏል፤ ስሙን ትቶ መኖር ግን አልቻለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንዲሉ፣ ሰውየው የነበረው ዝና ብቻ ነበር፤ እሱንም ሊወስዱበት ሲሉ ተነሣ።

ሁለተኛው ሰበብ፦ «ዘመኑ እንደዚያ ነበር፤ አነስተኛ ሙዚቃ ቤቶች ራሳቸው የሚበሉት አልነበራቸውም።» ግማሹ እውነት ነው። የሉዊዚያናና የቴክሳስ ትንንሽ ሙዚቃ ቤቶች ባይኖሩ ኖሮ ትልልቆቹ ኩባንያዎች እነዚህን ሰዎች ዞረው አያዩአቸውም ነበር። ሹለርም ማንም ያልፈለገውን ድምፅ በራሱ ገንዘብ ቀድቷል፤ ይህ ይመዝገብለት። ግን ድህነት ሒሳብ ላለማሳየት ምክንያት አይሆንም። አንድ ሺህ ከተሸጠ የአንድ ሺህ፣ መቶ ሺህ ከተሸጠ የመቶ ሺህ ድርሻ ይከፈላል፤ ካልተሸጠም ወረቀቱ ይታያል። ደሃ ባለሱቅም ደብተር ይይዛል።

ደግሞም ሌላ መንገድ እንደነበረ ማስረጃ አለ። ክሪስ ስትራክዊትዝ የሚባል ከጀርመን የመጣ ስደተኛ ካሊፎርኒያ ውስጥ አርሁሊ የሚባል ሙዚቃ ቤት በ1960 አቋቋመ። እሱም ትንሽ ነበር። የሚሲሲፒው ብሉዝ ተጫዋች ፍሬድ ማክዳወል ይጫወተው የነበረውን «ዩ ጋታ ሙቭ» ሮሊንግ ስቶንስ በ1971 አልበማቸው ውስጥ ሲያስገቡት፣ ስትራክዊትዝ ጠበቃ ይዞ ተከራከረ። ገንዘቡ ለማክዳወል ደረሰው፤ ሰውየው በማግስቱ ዓመት በካንሰር ሳይሞት በፊት ማለት ነው። እንግዲህ ጉዳዩ የዘመን ነው ወይስ የሰው ፈቃድ?

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚያናድደኝ ሰበብ፦ «እውነተኛ አርቲስት ለገንዘብ አይጫወትም።» ይህን የሚሉ ሰዎች ክሊፍተን ሼኒየርን ያንብቡ። የዛይዴኮ ንጉሥ የሚባለው እሱ ነው፤ መድረክ ላይ ዘውድ ይደፋ ነበር። በ1925 ኦፔሉሳስ አካባቢ ተወለደ። ሸንኮራ አገዳ ቆረጠ፤ ቴክሳስ ፖርት አርተር በነዳጅ ማጣሪያ ሠራ። በ1955 የስፔሻልቲ ኩባንያ ሸክላዎቹን ሲያወጣ እንደ አርኤንድቢ ኮከብ አገር ለአገር ዞረ። ፋሽኑ ሲያልፍ ኩባንያዎቹ ጣሉት፤ ወደ ትንንሽ ጭፈራ ቤቶች ተመለሰ። በ1964 ስትራክዊትዝ ሂውስተን ውስጥ አገኘው፤ ብሉዙንና የፈረንሳይኛ ዘፈኑን በአንድ ላይ ይዞ እንደገና ጀመረ። በ1984 ግራሚ ሲሸለም በስኳር በሽታ የእግሩ ክፍል ተቆርጦ፣ ኩላሊቱ ደክሞ፣ በዳያሊስስ ነበር የሚኖረው። እየታጠበም አኮርዲዮኑን ተሸክሞ ይዞር ነበር። በ1987 ሞተ።

ይህ ሰው ሙዚቃ አልወደደም ልትሉት ነው? ወደደ እንጂ። ግን ፍቅር የማጣሪያውን ደመወዝ አልተካም፤ ፍቅር የዳያሊስስ ሒሳብ አልከፈለም። «ለፍቅር ብቻ» የሚለውን ስብከት የምንሰማው ሁልጊዜ ከከፋዩ ወገን ነው። የስቱዲዮ ኪራይ ለፍቅር አይተውም፤ የማተሚያ ቤት ዋጋ ለፍቅር አይተውም፤ የሚተወው የተጫዋቹ ብቻ ነው። የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። ዛይዴኮ የሚለው ስም ራሱ ባቄላው ጨው የለውም ከሚል የፈረንሳይኛ አባባል እንደመጣ ይነገራል፤ ጨው ያለው ሥጋ ወጡ ውስጥ ለመጨመር አቅም ባጣ ቤት የሚባል ነው። ባቄላውን ያበሰሉት ሳይቀምሱ ሌላው ጨውን ሲልስ ኖረ።

የከሰረው ቻቪስ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። አድማጩም ከስሯል። ሼኒየር የፒያኖ አኮርዲዮን ይዞ ወደ ብሉዝ ሲሄድ፣ ቻቪስ የጥንቱን ባለቁልፍ አኮርዲዮን ይዞ በገጠሩ ምት ጸንቶ ነበር። በተመለሰ ጊዜ ወጣቶቹ ተከተሉት፤ በዘጠናዎቹ የሉዊዚያናን የጭፈራ ሜዳ የሞሉት እነ ቦ ጆክ የእሱን መንገድ የያዙ ናቸው። አንድ ሰው ተመልሶ ይህን ያህል ከቀየረ፣ በጠፋባቸው ዓመታት ምን ሊሠራ ይችል ነበር? ያን ሙዚቃ የሚመልስ ፌስቲቫል የለም። በ2001፣ በሞተበት ዓመት፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የኪነ ጥበብ ድጋፍ ተቋም ለባህል አበርካቾች የሚሰጠውን ታላቁን ክብር ሰጠው። ክብሩ ተገቢ ነው፤ ግን ለሃያ አራት ዓመት ወጣት የሚያስፈልገው ሐውልት ሳይሆን ደረሰኝ ነበር።

እኛን ምን አገባን የሚል አይጠፋም። ሌላ አኮርዲዮን ልጥቀስላችሁ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርዲዮንና ሲንተሳይዘር ይዞ ዋሽንግተን አካባቢ ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳ። ከዚያ ለዓመታት የታክሲ መሪ ጨበጠ፤ ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ያመላልስ ነበር። ካሴቱን በ2013 አንድ የውጭ ሙዚቃ ቤት እንደገና ሲያሳትመው ዓለም «አገኘነው» አለ። በእሱ ታሪክ ላይ የሰረቀ ሰው አለ እያልኩ አይደለም፤ ገበያው ለስደተኛ ሙዚቀኛ ቦታ አልነበረውም። ግን የጋዜጦቹን ቃና አስታውሱ፤ «ታክሲ ሾፌሩ ሊቅ» እያሉ ተደነቁ። ያው የወንበሩ ቀልድ ነው፤ ለብሶ የመጣው ሌላ ልብስ ብቻ ነው። አንድ የዋልያስ ባንድ ሙዚቀኛ በመሪ ላይ ለምን ከረመ የሚለውን ጥያቄ ጣፋጭ ታሪክ አድርገን ዋጥነው።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻም አይደለም። በአሜሪካ ሕግ የሙዚቃ ቅጂ በፌዴራል ደረጃ የቅጂ መብት ጥበቃ ያገኘው በ1972 ነው፤ የቻቪስ ሸክላ ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። ዛሬም ድረስ በተራ የአየር ሞገድ የሚሠራ የአሜሪካ ሬዲዮ ዘፈን ሲያጫውት ለግጥምና ዜማ ደራሲው ይከፍላል እንጂ ለዘፋኙና ለተጫዋቹ ሳንቲም አይከፍልም። በብዙ አገሮች ይከፈላል፤ ሀብታሟ አገር ግን «ማስታወቂያ ሆኖላችኋል» ትላለች። ያ የ1954 አስተሳሰብ የሕግ ልብስ ለብሶ እንደተቀመጠ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነው። ስለ አንድ ያረጀ ሙዚቀኛ ስትጽፉ፣ ስታወሩ፣ ስትሸልሙ፣ ከቀልዱ በፊት ሒሳቡን ጠይቁ። ስንት ተሸጠ? ውሉን ማን ያዘው? ግጥሙ በማን ስም ተመዘገበ? ዝም ባለባቸው ዓመታት ምን በላ? መልስ ከሌለ «መልስ የለም» ብላችሁ ጻፉ፤ እሱም ዜና ነው። «ታታሪ፣ ትሑት፣ ለጥበብ የኖረ» የሚለውን ቅጽል ደግሞ ለቀብር ቀን እንኳን አታስቀምጡት፤ ብዙ ጊዜ ያልተከፈለ ማለት ነው።

ቡዙ ቻቪስ ከወንበር ወድቆ ይሆናል። ተነሥቶ ዘፈኑን ጨርሷል፤ ሸክላውም ተሸጧል። የሸክላው ገንዘብ የት እንደገባ ግን እስካሁን የነገረን የለም።