ባልና ሚስት ለብቻቸው ቲያትር ቢሄዱ ነውር የለውም



ዛሬ የምንጽፈው ስለ ልጆች ትምህርት ወይም ስለ ቢቱዋህ ሌዑሚ ደብዳቤ አይደለም። ስለ ባልና ሚስት ነው። በልጅነታችን ከእናንተ ጋር መጥተን ዛሬ በማህበራዊ አገልግሎት የምንሠራ ሰዎች፣ ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ወደ እኛ የሚመጡት ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ጠቡ በገንዘብ ወይም በልጅ የተነሳ ይመስላል። ጠጋ ብለን ስንሰማ ግን ለወራት ቁጭ ብለው አላወሩም። እሱ የሌሊት ፈረቃ፣ እሷ የጠዋት ሥራ፤ በር ላይ ይተላለፋሉ። ካወሩም ስለ አርኖና፣ ስለ ማሽካንታ፣ ስለ ልጁ አስተማሪ ነው።

አገር ቤት ሳላችሁ እንዲህ አልነበረም። ባልና ሚስት ሥራቸውም ውሏቸውም እዚያው አንድ መንደር ነበር። ቅሬታ ሲነሳ ሽማግሌ ወይም ቄስ ገብቶ ያስታርቃል፤ ቤተ ዘመዱም አጠገብ ነው። ትዳሩን ደግፎ የሚይዘው ብዙ እጅ ነበር። እዚህ ግን ወንድም ቂርያት ጋት፣ እህት ሐይፋ፣ አማት ነታንያ ናቸው። ስለዚህ ባልና ሚስት ራሳቸው ለትዳራቸው ጊዜ ካልቆረጡለት ማንም አይቆርጥላቸውም።

እኛ የምንለው ቀላል ነገር ነው፦ በወር ወይም በሁለት ወር አንድ ማታ ሁለታችሁ ብቻ ውጡ። ለምሳሌ ቲያትር እዩ።

«ሰርግ እንሄድ የለም ወይ?» ትሉን ይሆናል። ሰርግ ደስ ይላል፣ ግን እዚያ ባል ከወንዶቹ፣ ሚስት ከሴቶቹ ጋር ናት፤ ሙዚቃውም አያነጋግርም። ቤት ቴሌቪዥን ስታዩ ደግሞ ስልኩ ይጮሃል፣ ልጁ ይጠራል። ቲያትር ቤት ግን ስልክ ይዘጋል፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ የሌላ ቤተሰብን ጣጣ ያያል። አባትና ልጅ ሲጣሉ፣ ሚስት ስታኮርፍ፣ አማት ጣልቃ ስትገባ። ወደ ቤት ሲመለሱ «ያ ሰውዬ ግን ምን ነካው?» «እሷስ ብትሆን!» መባባል ይጀመራል። የሰው ነገር እያወሩ ቀስ ብሎ የራስ ነገር ይወጣል፤ ማንም አልተከሰሰም፣ ማንም አልተሰደበም። እኛ ቢሮ ውስጥ ሁለት ሰዎችን እንደዚህ ለማነጋገር ስንት ጊዜ እንደሚፈጅብን እናውቃለን።

ቋንቋውስ? እውነት ነው፣ ከባድ ዕብራይስጥ ያደክማል። ግን ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ሲገባ፣ በዚያው ዓመት ከሶቪየት ኅብረት የመጡ ተዋንያን ቴል አቪቭ ላይ ጌሼር የተባለውን ቲያትር አቋቋሙ። ጌሼር ማለት ድልድይ ነው። መጀመሪያ በራሳቸው ቋንቋ በሩሲያኛ ተጫወቱ፣ በኋላ ወደ ዕብራይስጥ ተሻገሩ። እኛም ከባዶ አንነሳም። ኢየሩሳሌም ውስጥ ስሙ ራሱ አማርኛ የሆነ ሁሉገብ የሚባል የልጆቻችን ቲያትር አለ፤ በዚሁ ስም የሚጠራው ፌስቲቫልም በታኅሣሥ (በዲሴምበር) ወር ሲደረግ ቲያትር፣ ሙዚቃና ውዝዋዜ ይቀርብበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ዘፈን ያለበትን ወይም የሚያስቅ ነገር ቢመርጥ ይቀለዋል።

ገንዘቡም ቢሆን መንገድ አለው። ማትናስ ጠይቁ። በሥራ ቦታችሁ የሠራተኞች ኮሚቴ ካለ ቅናሽ ያለው ትኬት እንዳለ ጠይቁ፤ ጡረታ የወጣችሁም ለጡረተኛ ስላለው ዋጋ ጠይቁ። ሰንበት ለምታከብሩ በአዘቦት ቀን ማታ ወይም በሞጻኤ ሻባት የሚታይ አይጠፋም። ከመሄዳችሁ በፊት ግን የመጨረሻው አውቶቡስ በስንት ሰዓት እንደሆነ እዩ።

ከገንዘብም ከቋንቋም ይልቅ ብዙዎችን የሚያስቀረው ይሉኝታ ነው። «ልጆቿን ጥላ በሌሊት ትዞራለች»፣ «ሚስቱን ይዞ እንደ ጎረምሳ» የሚለው ሐሜት። እዚህ ላይ የእናንተ የሽማግሌዎቹ ቃል ትልቅ ነው። እናንተ ካከበራችሁት ሌላው ዝም ይላል። አባትና እናቱ ለብሰው፣ ተሳስቀው ሲወጡ ያየ ልጅም ትዳር ምን እንደሆነ ያያል፤ ይህን ማንም አስተማሪ አይነግረውም።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። ቤት ውስጥ ዱላ፣ ዛቻ ወይም ፍርሃት ካለ፣ የቲያትር ትኬት መድኃኒቱ አይደለም። ሽማግሌም ብቻውን አይበቃም። ለአደጋ ፖሊስ 100፣ ለምክርና ለእርዳታ የማህበራዊ ደኅንነት ሚኒስቴር 118 ላይ ይደወላል። እኛ የምናወራው በደህና ቀን ስላሉ፣ ግን እየተራራቁ ስለሄዱ ባልና ሚስቶች ነው። ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው።

እንግዲህ አያቶች፣ ልመናችን ለእናንተ ነው። በዚህ ወር ለልጃችሁና ለምራታችሁ፣ ለልጃችሁና ለአማቻችሁ፣ እንዲህ በሉልን፦ «አንድ ማታ ምረጡ። ልጆቹን እኛ እናያለን። እናንተ ሂዱ።» እናንተም ብትሆኑ፣ አርባና ሃምሳ ዓመት አብራችሁ ኖራችሁ አንድ ቀን እንኳ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ቲያትር ያላያችሁ፣ አልረፈደም።