«ተገለጸ» ያልተባለ ረሃብ

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል አንድ የወረዳ ከተማ ውስጥ ስብሰባ ልዘግብ ሄጄ ነበር። የትኛው ወረዳ እንደሆነ አልናገርም። ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ ኃላፊው ማዳበሪያ በወቅቱ እየተሰራጨ መሆኑን በስላይድ አስረዱን። በሻይ እረፍት ወጣ ስል ከአጥሩ ማዶ ገበሬዎች ተሰልፈዋል። አንዱን ሽማግሌ «አባባ፣ ምን እየጠበቃችሁ ነው?» አልኳቸው። «ማዳበሪያ ነዋ ልጄ፤ ሦስተኛ ቀናችን ነው» አሉኝ። ተመልሼ ገባሁ፤ ለአበል ፈረምኩ፤ ማታ ዜናውን ላክሁ፦ «ማዳበሪያ በወቅቱ እየተሰራጨ መሆኑ ተገለጸ።»

ውሸት አልጻፍኩም። እውነትም ተገልጿል። የራሴን ጉድ ያስቀደምኩት ሌላውን ስወቅስ «አንተስ?» እንዳልባል ነው።

እስኪ የምሽት ዜናችንን አንድ ሳምንት ቁጭ ብላችሁ ስሙ። ተገለጸ፣ ተባለ፣ አስታወቀ፣ አሳሰበ፣ ጥሪ አቀረበ። ምን እንደሆነ ሳይሆን ማን እንደተናገረ ነው የሚነገረን። ሚዲያ ርዕዮተ ዓለም ያሰርጻል ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ቀይ ባንዲራና መዝሙር ነው። ከዚያ ቀድሞ የሚሰርጽ ግን አለ፦ አንድ ነገር ሆነ የሚባለው ባለሥልጣን ሲናገረው ነው፤ እስኪናገረው ድረስ አልሆነም። ይህን አምኖ ያደገ ሕዝብ ምርጫ ጣቢያ ሄዶ ድምፅ ቢሰጥ እንኳ የሚመዝነው መግለጫን ከመግለጫ ጋር ነው።

ወሎን አስታውሱ። በ1965 ዓ.ም. ሰው በአሥር ሺዎች ሲረግፍ አዲስ አበባ ላይ ጋዜጣም ነበረ፣ ሬዲዮም ነበረ፣ ቴሌቪዥንም ነበረ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ያመጧቸውን ፎቶዎች ግቢ ውስጥ አሳይተዋል፤ ስለዚህ ማንም አላወቀም አይባልም። አልተገለጸም እንጂ። ለዓለም ያሳየው ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነው፤ «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለው ፊልሙ በጥቅምት 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ቀረበ።

ቀጥሎ የሆነውን ብዙዎቻችን ከወላጆቻችን ሰምተናል። ደርግ ያንኑ ፊልም ወስዶ በረሃብተኞቹ መሀል የቤተ መንግሥት ግብዣ እየሰካ ቀጣጠለውና በ1967 የዘመን መለወጫ ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለቀቀው። በማግስቱ፣ መስከረም 2፣ ንጉሡ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። ረሃቡም እውነት ነበር፣ ግብዣውም እውነት ነበር። አንድ ላይ የሰፋቸው እጅ ግን የጋዜጠኛ እጅ አልነበረም። ከዓመት በላይ የተደበቀውን በአንድ ሌሊት ጋቱት፤ ሕዝቡ ጠይቆና አመዛዝኖ የሚፈርድበት ፋታ አላገኘም። ያ ዜና በጊዜው፣ በእኛው ጋዜጣ፣ በእኛው ቋንቋ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ንጉሡ ላይወርዱ ይችሉ ነበር አልልም። ግን ለወታደር የተዘጋጀ መሣሪያ ሆኖ ባልተቀመጠ ነበር።

ደርግስ ተማረ? መስከረም 1977 የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በሰልፍ ሲያከብር፣ ሐውልት ሲመርቅ፣ ኢሠፓን ሲመሠርት ወሎና ትግራይ እንደገና እየረገፉ ነበር። የዓለም ዓይን የተከፈተው በጥቅምት፣ የቢቢሲው ማይክል ቡርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ኮረም ደርሰው ባቀረቡት ዘገባ ነው። በረሃብ ፊልም ንጉሥ ያወረደ መንግሥት ረሃብ ደበቀ!

ሳንሱር ነበር፣ እስር ነበር ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ እስሩ ዛሬም አለ። ቅድመ ሳንሱር ግን በ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ቀርቷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር ሚዲያ የተለያየ አስተያየት ማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ያዛል። ልማዱ ግን ከሳንሱሩ ቢሮ ዕድሜ በለጠ። አገር ቤት ዝም ሲባል ኢሳት ከአምስተርዳምና ከዋሽንግተን፣ ኦኤምኤን ከሚኒያፖሊስ ዜና ሆኑ። ያልተነገረውን በመናገራቸው ባለውለታ ናቸው። ግን እያንዳንዱ የራሱን አድማጭ ይዞ የራሱን ቁስል ብቻ ሲያሳይ ኖረ፤ አንድ አገር ውስጥ እየኖርን ሁለት ሦስት ዓይነት አገር አየን። ጥቅምት 25፣ 2013 የትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥም፣ በ2015 መጨረሻ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋም ያየነው ያንኑ ነው። ዘጋቢ እንዳይገባ የተዘጋበት ቦታ ሁሉ ወሬ ገባበት፤ ለወሬው ደግሞ መቶ ዩቲዩብ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር።

«ሕዝቡ ራሱ ጩኸት ነው የሚወደው» የሚሉኝ የሙያ ጓደኞች አሉ። አልስማማም። ጩኸት የበዛው ርካሽ ስለሆነ ነው፤ ስልክና ቁጣ ካለህ ይበቃሃል። ዘገባ ግን ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ ሦስት አራት ቀን ይፈልጋል። እንደ እኔ በፍሪላንስ ለሚሠራ ሰው ለአንድ ጽሑፍ የሚከፈለው የአልጋውን አይችልም። ስብሰባ የሚጠራው አካል ግን መኪና ይልካል፣ ምሳ ያበላል፣ አበል ያስፈርማል። ዜናው ታዲያ ወዴት ይሄዳል? አበሉ ወዳለበት ነዋ። ጋዜጠኛውን ማስፈራራት እንኳ አላስፈለገም፤ የሚበላበትን አዳራሽ መምረጥ በቃ። አበሉን የሚከፍለው መንግሥት ብቻም አይደለም፤ የረድኤት ድርጅቱም፣ ባንኩም፣ ተቃዋሚውም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄዱት።

በላዩ ላይ ሚያዝያ 2017 የሚዲያ አዋጁ ተሻሻለና የሚዲያ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተርን የመሾም ሥልጣን ከፓርላማው ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሄደ። ፈቃድ የሚሰጠውንና የሚነሳውን ሰው የሚሾመው ያው የሚገለጽለት አካል ሆነ ማለት ነው። ይህ ለውጥ ስንቶቻችን ጋ ዜና ሆኖ ደረሰ? እኔ ያየሁት አብዛኛው ርዕስ «ማሻሻያው ጸደቀ» ይል ነበር። ምኑ እንደተሻሻለ፣ ለማን እንደተሻሻለ ለማወቅ ረቂቁን ፈልጎ ማንበብ ነበረብኝ።

ያ ሽማግሌ በዚያ ዓመት በጊዜ ዘርተው ይሆን? አላውቅም። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም፤ ለዜናው አያስፈልገኝም ነበርና። ዘንድሮ እንደገና ልጽፈው ነው፤ አበል የለበትም፣ መኪናም የለበትም። ገጠር ያላችሁ፣ ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ፦ ማዳበሪያ በስንት ገዛችሁ? ከማን? ስንት ቀን ተሰለፋችሁ? ደረሰኝ ካላችሁ ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ስማችሁ አይወጣም።