ካርታ ሣዩ ለመሬቱ ይታመን

ካርታ የምድር ምስክር ነው። ምስክር ደግሞ ያየውን እንጂ የመሰለውን ሊናገር አይገባውም። ይህ ግዴታ ዛሬ በባለሙያዎች ላይ ብቻ የተጣለ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ አገር የተጀመረውን «ኦፕንስትሪትማፕ» የተባለ የዓለም ካርታ፣ ማንኛውም ፈቃደኛ ሰው በኢንተርኔት አማካይነት ሊሥለውና ሊያርመው ይችላልና። የፈቃደኞቹ ጥንቃቄ ከሚፈተንባቸው ሥራዎች አንዱ የክብ አደባባይ አሣሣል ነው።

ላይ ላዩን ሲያዩት ክብ መሣል ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚህ ካርታ ላይ የሚሠመረው ክብ ቅርጽ ብቻ ሳይሆን የጉዞ ሥርዐትም ነው። ነጥቦቹ የተተከሉበት ቅደም ተከተል መኪና የሚዞርበትን አቅጣጫ ይወስናል። በኢትዮጵያ መኪና ቀኙን ይዞ ስለሚሄድ፣ ክቡ የሰዓት ጠቋሚ ከሚዞርበት በተቃራኒ ይሠመራል፤ ድንበር ተሻግረን ኬንያ ስንገባ ግን መኪና ግራውን ይዞ ስለሚሄድ አሠማመሩም ይገለበጣል። እንዲሁም ወደ አደባባዩ የሚገቡት መንገዶች ሁሉ ከክቡ ጋር በጋራ ነጥብ መያያዝ አለባቸው። መሥመሮቹ ለዓይን የተነካኩ ቢመስሉም የጋራ ነጥብ ከሌላቸው፣ መንገድ የሚመራው የኮምፒዩተር ፕሮግራም እንደ ተለያዩ ይቈጥራቸዋል።

ስምም ሊያሳስት ይችላል። በቋንቋችን «አደባባይ» የሚለው ቃል ሕዝብ የሚሰበሰብበትን ሜዳም፣ መኪና የሚዞርበትን ክብም ይጠራል። አዲስ አበባ የሚገኘው መስቀል አደባባይ፣ በስሙ አደባባይ ቢባልም መኪና የሚዞርበት ክብ አይደለም። ስለዚህ ስም ብቻ ሰምቶ ክብ የሚሥል ሰው በመሬት ላይ የሌለውን ነገር ይመሰክራል።

«ስሕተት ቢኖር ሌላው ያርመዋል፤ ዋናው ነገር ካርታው ቶሎ መሙላቱ ነው» የሚሉ አሉ። በርግጥ ፍጥነት የሚያስፈልግበት ጊዜ መኖሩ አይካድም። እ.ኤ.አ. በ2010 የሄይቲ ዋና ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ በፈራረሰች ጊዜ፣ በልዩ ልዩ አገሮች የሚኖሩ ፈቃደኞች ከሰማይ የተነሡ ፎቶግራፎችን እያዩ የከተማይቱን መንገዶች በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥለዋል፤ የርዳታ ሠራተኞችም ተጠቅመውባቸዋል። ነገር ግን ይህ ምሳሌ ይልቁን የጥንቃቄን ዋጋ ያስረዳል። ቁስለኛ የጫነ ሾፌር፣ ስሕተቱ እስኪታረም ድረስ ቆሞ ሊጠብቅ አይችልም። ከዚህም ሌላ ከሰማይ የተነሣ ፎቶግራፍ የመንገዱን ቅርጽ እንጂ የትራፊኩን ደንብ ሁልጊዜ አያሳይም። ደንቡን አጥርቶ የሚያውቀው በዚያው መንገድ ወጥቶ የሚገባ ሰው ነው።

እንግዲህ አንድ አደባባይ አጣርቶ የሣለ፣ ዐሥሩን በግምት ከሣለው ይልቅ ለሰው ይጠቅማል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ በካርታ ሥራ ግን አንዱ ያፈሰሰውን የሚለቅመው ሌላው ነው። ያ ሌላው ሰው ደግሞ ምናልባት በጨለማ መንገድ የሚፈልግ እንግዳ ይሆናል።