አንድ ሠልጣኝ ስንት ጊዜ ይመዘገባል?

ከቁይ ተነሥቶ ደብረ ማርቆስ የሚገባ ሠልጣኝ ስንቁንና በፌስታል የጠቀለለውን ማስረጃ ይዞ ይመጣል። ስሙም ውጤቱም እንደ አዲስ ይጻፋል። ኮሌጅ ቢቀይር ደግሞ እንደገና! እኔ ራሴ በአንድ ቢሮ የአባቴ ስም «ኃይሌ» መሆኑ ቀርቶ «ሀይሌ» ተብሎ፣ እስኪታረም ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ።

የደብረ ማርቆስ፣ የፍኖተ ሰላም፣ የእንጅባራ፣ የጎንደርና የደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጆች የሚያሠለጥኑት ለአንድ ክልል ነው። ታዲያ ኮምፒዩተሩንና የመዝገብ ፕሮግራሙን ለየብቻ ቢገዙ ምን ይሆናል? የአንዱን መዝገብ የሌላው አያነበውም፤ ሲበላሽም ጠጋኙ ለየብቻ ይፈለጋል። በአንድ ጨረታ ቢገዙ ግን ለዋጋ መደራደር ይቻላል፤ መለዋወጫም መዋዋስ አለ። ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ የመንግሥት ዩኒቨርስቲዎችን ለማገናኘት ኢተርኔት የተባለው የትምህርትና የምርምር መረብ ከተቋቋመ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል።

አንዳንድ ወዳጆች «መረጃችን ከተሰባሰበ ማንም አይፈታውም ወይ?» ይላሉ። ሥጋታቸው እውነት ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ኮሌጆች የሚለዋወጡት ስም፣ ውጤትና የምረቃ ማስረጃ ብቻ ይሁን። የሠልጣኙ ሕመምና የቤተሰቡ ችግር ከቢሮው አይውጣ። መዝገቡን ማን እንደከፈተውም ይጻፍ።

በበኩሌ የምለው፣ ጨረታ ከመውጣቱ በፊት የየኮሌጁ የሬጅስትራር ሠራተኞችና መምህራን ተቀምጠው ይምከሩ ነው። መጀመሪያ በስም አጻጻፍ ይስማሙ። ማሽኑ እንደሆነ ኃይሌና ሀይሌ አንድ ሰው መሆናቸውን ካልነገሩት አያውቅም።