ቶምካት ለአፄ ቴዎድሮስ

«ይሄ ፊልም ሌብነት ነው!» ይህን ፍርድ የሰጠው ጎረምሳ ቪዲዮ ቤት ያሳደገው ነው። አክተሩ ቦሱን ሳይጥል የሚያልቅ ፊልም ለእሱ ከክህደት አይለይም። እውነቱን ለመናገር ብቻውንም አይደለም። «ዘ ፋይናል ካውንትዳውን» የሚባለው የአሜሪካ ፊልም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ እኛ ዘንድ ደብረ ታቦር ከደረሰ ወዲህ የሰማሁት አስተያየት ሁሉ ከዚህ አይርቅም። አንዱ «መጨረሻው ተቆርጦ ነው እንጂ እንዲህማ አያልቅም» ይላል። ሌላው በአማርኛ የሚተርከውን ድምፅ ይረግማል። ሦስተኛው ዝም ብሎ ይነሣና ሻይ ያዝዛል።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ፣ ዶን ቴይለር ያዘጋጀው ነው። ኪርክ ዳግላስ የመርከብ አዛዥ ሆኖ ይሠራል፤ ማርቲን ሺን ደግሞ ሥራውን እንዲታዘብ የተላከ ሲቪል ነው። ኒሚትዝ የምትባለው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ በሃዋይ አካባቢ ስትጓዝ እንግዳ ማዕበል ይውጣትና ኅዳር 27 ቀን 1934 ዓ.ም. ላይ ይተፋታል። በማግስቱ የጃፓን አውሮፕላኖች ፐርል ሃርበርን ይደበድባሉ። የመርከቧ ሰዎች ይህን ያውቃሉ፤ ታሪኩን ትምህርት ቤት ተምረውታል። በዚያ ላይ ኤፍ-14 ቶምካት የተባሉ ጄቶች ይዘዋል፤ ጃፓኖቹ ግን በፕሮፔለር የሚበር ዜሮ ነው ያላቸው። ሁለት ቶምካቶች ከሁለት ዜሮዎች ጋር የሚገናኙበት ቦታ ሲደርስ ቪዲዮ ቤቱ በፉጨት ይናጋል። ከዚያ አዛዡ አውሮፕላኖቹን በሙሉ ያስነሣና ወደ ጃፓን መርከቦች ይልካቸዋል። ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ማዕበሉ ተመልሶ ይመጣል፤ «ተመለሱ» ይባላሉ፤ መርከቧም ወደ ዘመኗ ትገባለች። በቃ። ፐርል ሃርበር እንደ ጥንቱ ይነዳል።

ቁጣው የመጣው ከዚህ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ሲያስጎመጅ የቆየ ፊልም ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ነጠቀን ነው ነገሩ። ወጣቶቹ በዚህ ላይ «ግራፊክሱ ደካማ ነው» የሚል ይጨምራሉ፤ ስለ ማዕበሉ ከሆነ ልክ ናቸው፤ ሰማያዊ ጭስ በጥቅልል ዓይነት ነገር ነው። (የጊዜ መሻገሪያው ጉም ከሆነ ደግሞ እኛ የጉና ተራራ ሥር ሰዎች ክረምት በመጣ ቁጥር አፄ ዮሐንስ ዘመን ደርሰን በተመለስን ነበር።) አውሮፕላኖቹ ግን ግራፊክስ አይደሉም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እውነተኛዋን ኒሚትዝ ከነአውሮፕላኖቿ ለቀረጻው ፈቅዷል። ከመርከቧ ላይ ሲወነጨፉ፣ ሲያርፉም በሽቦ ሲያዙ የምናየው ሁሉ በሥራ ላይ ያለ ወታደር ነው። በዚህ በኩል ያለውን አድናቆት እኔም እጋራለሁ።

1934 የሩቅ አገር ዘመን የሚመስለው ካለ ግን ይታረም። የጣሊያን ጦር ደብረ ታቦርን የለቀቀው 1933 ሊያልቅ ሲል በክረምቱ መግቢያ ነው። ከዚህ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ቁልቋል በር የተያዘው ኅዳር 12 ቀን 1934 ሲሆን፣ ጎንደር ላይ የጣሊያኑ ጄኔራል ናዚ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ነው። ኒሚትዝ በፊልሙ ውስጥ የወጣችው ከዚህ ዘጠኝ ቀን በኋላ መሆኑ ነው። አሜሪካኖቹ ጦርነቱ ገና ሊጀመርባቸው ሲል የእኛ አርበኞች የአምስቱን ዓመት ትግል ጨርሰው ወደ እርሻቸው እየተመለሱ ነበር። ይህን ለቪዲዮ ቤቱ ልጆች ስነግራቸው «ታዲያ ለእኛ መቼ ትምጣልን?» አሉ። ክርክሩም ያኔ ጦፈ።

ለእኛ መቼ ትምጣልን? መልሱን ለማግኘት አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። መቅደላ! ሚያዝያ 1860! «ሁለት ቶምካት ለአፄ ቴዎድሮስ!» አለ አንዱ። «ምን ቶምካት ያስፈልጋል፣ አንድ ሳጥን ክላሽ ይበቃል» አለ ሌላው። የቶምካቱ ልጅ ነዳጁ ከየት ይመጣል ሲባል ትንሽ ተቸገረ፤ የክላሹ ልጅ ግን ጥይቱን ሳይቀር አስልቶ ነበር።

እኔ የዚህን ምኞት ሥር አውቀዋለሁ። ማን ያልተመኘው አለ? ነገር ግን ፊልሙን ከታሪካችን አጠገብ ስናስቀምጠው አንድ የማይመች ነገር ይታያል፤ ይኼ ፊልም እኛ ላይ በእውን ተሠርቶብናል። ያውም በዜሮዎቹ በኩል። እንግሊዞች ከኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር ጠመንጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ጦር ሜዳ ላይ የሞከሩት ከመቅደላ ግርጌ፣ እሮጌ ላይ ነው። ከወገን ወደ 700 ሰው ወደቀ፤ ከእነሱ የሞተው በቁስል ሁለት ሰው ብቻ ነው። ቶምካት ዜሮን ሲያፈርጠው ቤቱ ውስጥ የተነሣው ፉጨት ለእኔ ደስ የማይለው ለዚህ ነው።

ቴዎድሮስም ቢሆኑ ከወደፊት የሚመጣ መሣሪያ አልጠበቁም፤ እዚሁ ሊያስመጡት ሞክረዋል። ጋፋት ከከተማችን ጥቂት ወጣ ብላ ያለች ቦታ ናት። አውሮፓውያኑ ሚሲዮናውያን የእጅ ሥራ እናስተምራለን ብለው ቢመጡ ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። ሠሩ። የመጨረሻው ሴባስቶፖል ነው፤ ሰባት ቶን ገደማ፣ በእኛ አቆጣጠር ሰባ ኩንታል የሚመዝን። ከዚያ ጥቅምት 1860 ላይ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። መድፉን ሕዝብ በገመድ እየጎተተው፣ መንገዱ ፊት ፊቱን እየተቆፈረ፣ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፣ መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ያን ያህል ወር! ሴባስቶፖል ግን በጦርነቱ ቀን ለምንም አልሆነ።

ክርክሩ ውስጥ የሌለችው ቃል ያለችው እዚህ ላይ ነው፤ «ደብረ ታቦርን አቃጥለው»። ከዚያ በፊት በ1859 ጎንደርም ነዳለች። አገሩ ከንጉሡ እጅ እየወጣ ሄዶ በመጨረሻ የቀራቸው ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ያለው ቁራሽ ነበር፤ እሱም ቢሆን በፍቅር የተያዘ አልነበረም። የበጌምድር ገበሬ ጎተራው ሲዘረፍ፣ ቤቱ ሲነድ ከርሞ ሸፍቷል። እንግዲህ ልጆቹ እንደተመኙት ቶምካቱ ደርሶላቸው ቢሆን የመጀመሪያው ቦምብ የሚወድቀው የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ናፒየር ላይ ነበር ወይስ እዚሁ ዙሪያችን ፋርጣ ላይ? እኔ ፋርጣ ላይ ነው ባይ ነኝ። ናፒየር ገና ዙላ ወደብ ላይ ዝሆን ሲያወርድ የፋርጣ ገበሬ ግን እዚሁ አጠገባቸው ነበር። ያን ጊዜ ያለቀው ገበሬ ዘር ደግሞ ዛሬ ቪዲዮ ቤት ተቀምጦ «ቶምካት ይምጣ» የሚለው ልጅ ነው።

ቴዎድሮስን ለማሳነስ አይደለም። ለአንድነት የነበራቸውን ሕልም፣ እጅ አልሰጥም ብለው የሞቱትን ሞት አከብራለሁ። ግን ተሸነፉ የምንለው መሣሪያ አንሷቸው ብቻ እንደሆነ አድርገን ካወራን ተረቱ ቀላል ይሆንልናል። ናፒየር ወደ 13,000 ወታደር፣ ከዚያም የሚበዛ አገልጋይ፣ 44 ዝሆን፣ ስፍር ቁጥር የሌለው አጋሰስ ይዞ ከባሕር ዳርቻ እስከ መቅደላ ያን ሁሉ ተራራ ሲወጣ መንገድ የዘጋበት አልነበረም። በየመንገዱ ያለው ባላገር ገብስና ጭድ ሸጠለት፤ ዋጋውን በማርያ ትሬዛ ብር ቆጥሮ ተቀበለ። የትግራዩ ካሣ፣ በኋላ አፄ ዮሐንስ የሆኑት፣ አሳለፉት፤ ሲመለስም የሰጣቸውን መሣሪያ ወሰዱ። እንግሊዝ በስናይደሩ ከማሸነፉ በፊት በገበያው አሸንፎ ነበር። ኒሚትዝ ላይ ግን ይህ ችግር የለም፤ ማገዶዋ ሪአክተሯ ውስጥ ነው፤ እህሏም ሆዷ ውስጥ። የፊልሙ ትልቁ ውሸት ከጊዜ መሻገሩ ይልቅ ይኼ ይመስለኛል፤ ከባላገር ጋር ሳይገናኝ የሚዋጋ ጦር።

ክርክሩን ዳር ሆነው ሲሰሙ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የክላሹ ልጅ «አባባ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ይዘው ይሄዱ ነበር?» አላቸው።

«ድንች» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ምን ያስቃችኋል ልጆቼ? ያን ጊዜ ጉና ላይ ገብስ ብቻ ነበረ። ሠራዊት ሲያልፍ ገብሱን ጠራርጎ ይበላል፤ ሰው ይራባል፤ የተራበም ይሸፍታል። ድንች መሬት ውስጥ ነው ያለው፤ ለመዝረፍ መቆፈር አለብህ።»

ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ሰው ድንችን ወደ ኢትዮጵያ አስገባ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1858፣ በራሳቸው በቴዎድሮስ ዘመን ነው። ጉና ሥር ግን የደረሰው ቆይቶ ነው። ዛሬ ያለ ድንች ክረምትን የሚያልፍ የጉና ቤተሰብ ማግኘት ይቸግራል። እንግዲህ ሽማግሌው ያቀረቡት ሐሳብ ከቶምካቱም ከክላሹም በላይ ታስቦበታል። ልጆቹ ግን ድንች የሚጫንበት ፊልም የሚያዩ አይመስለኝም።

ስለ ቀሩት አስተያየቶች አንድ ነገር ልበል። «ሊደርሱ ሲሉ ተመለሱ፤ እንዲህ ያለ ነገር በእውነት አይሆንም» የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉት ከደብረ ታቦር ሰዎች መሆናቸው ይገርመኛል። በ1834 ዓ.ም. እዚሁ ደብረ ታቦር ላይ የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ከጎጃሙ ብሩ ጎሹ ጋር ሆነው ራስ ዓሊን ገጠሟቸው። ውቤ አሸነፉ። ዓሊ ሸሹ። ውቤ ድንኳናቸው ውስጥ ገብተው የድል ግብር ሲበሉ፣ የዓሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሶ ያዛቸው። የተሸነፈው አሸናፊ ሆነ፤ ያሸነፈው ምርኮኛ። ይህን በፊልም ብታዩት «ደራሲው ሰክሯል» ትሉ ነበር። ደራሲ የለውም፤ ሰካሮቹ ግብር ላይ የነበሩት ናቸው። ስለዚህ ማዕበል መጥቶ ጦርነቱን ማቋረጡ በእኛ ታሪክ ሚዛን ሲመዘን ልኩን ያለፈ አይደለም።

በዚያ ላይ መጨረሻው ባዶ ነው የሚባለው ፊልሙን ሳይጨርሱ ለሻይ ለተነሡት ነው። ከመርከቧ መኮንኖች አንዱ፣ ታሪክ አጥኚው ኦውንስ፣ ከአንዲት ሴት ጋር ደሴት ላይ በ1934 ቀርቶ ነበር። መርከቧ ወደ ወደቧ ስትመለስ በመኪና ሆነው የሚጠብቁ ሁለት አዛውንት አሉ። ዓይናችሁን ከስክሪኑ ካላነሣችሁ እነማን እንደሆኑ ያኔ ይገባችኋል። ሰውየው አርባ ዓመት የኖረው ጦርነቱን ሳያስቀር ነው። የሚያውቀውን ይዞ፣ ኑሮውን መሥርቶ፣ አርጅቶ። ለእኔ ከቶምካቱ ይልቅ የቀረልኝ ይህ ነው።

ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚሻገር ፊልም ከተነሣ ደግሞ የእኛን ሰው ሳንጠራ ማለፍ ነውር ነው። ኃይሌ ገሪማ የጎንደር ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው «ሳንኮፋ» ውስጥ ሞና የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ሞዴል ጋና፣ ኬፕ ኮስት ምሽግ ላይ ፎቶ ስትነሣ ወደ ኋላ ትወሰድና ሾላ የምትባል ባሪያ ሆና እርሻ ላይ ትገኛለች። ጄት የላትም፤ ስናይደር የላትም። የምታውቀው የወደፊት ነገር እንኳ ከእሷ ጋር አይሄድም። ይዛው የምትመለሰው ነው ቁም ነገሩ። አሜሪካ ውስጥ ፊልሙን የሚያከፋፍል ሲጠፋ ኃይሌ ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ አሳየው፤ ቪዲዮውንም ዋሽንግተን ውስጥ ከባለቤቱ ከሺሪኪያና አይና ጋር በከፈቱትና በፊልሙ በተሰየመው ሱቅ ሸጠው። በመስከረም 2014 ላይ ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። ከሁለቱ ፊልሞች ይበልጥ የሚያስፈራኝ ይኼኛው ነው። ከኦውንስ በቀር ኒሚትዝ ላይ ያሉት ሰዎች ወደ ድሮ ሄደው እንደ ሄዱ ተመለሱ። ሞና ግን እንደ ሄደች አልተመለሰችም።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። «ዘ ፋይናል ካውንትዳውን» አውሮፕላን ለሚወድ ግሩም ፊልም ነው፤ ውይይቱ ቀጭን፣ ማዕበሉ አስቂኝ፣ መጨረሻው ግን ልክ ነው። ቪዲዮ ቤት ላላችሁና ፊልም ለምትገለብጡልን ወንድሞች፣ በሚቀጥለው እሑድ «ሳንኮፋ»ን አሳዩን፤ ክርክሩን እኛ እናመጣለን። ካሜራ ይዛችሁ የምትዞሩ የደብረ ታቦር ልጆች ደግሞ፣ የውቤና የዓሊ ጦርነት ሜዳው ደጃችሁ ላይ ነው፤ ጋፋትም ለእግር መንገድ ቅርብ ናት። ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ብትጀምሩት ይሻላል።