ከማዳበሪያው በፊት ኖራው

ሩሲያ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ዩክሬንን ስትወር አስቀድሞም ተወዶ የነበረው ማዳበሪያ ዋጋው ጣሪያ ነካ። ማዳበሪያዋን ከውጭ የምታስገባው አገራችንም ከዱላው አላመለጠችም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጥተው አደባባይ ወጡ። ክርክሩም ሁለት ጎራ ለየ፤ አንዱ ዩሪያው በብዛት ይግባ ይላል፣ ሌላው ከዩሪያ እንገላገል፣ ኮምፖስት ይበቃናል ባይ ነው።

ሁለተኛው ወገን ስሪላንካን ይመልከት። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የኬሚካል ማዳበሪያ እንዳይገባ ታገደ፤ የሩዝና የሻይ ምርት አሽቆለቆለ፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. እገዳው ተነሣ። እኛ ዘንድ ደግሞ ፍጉ ኩበት ሆኖ ይነዳል፣ ገለባው ከብት ይቀለብበታል። ሌላ ማገዶ የሌላትን እናት ፍጉን ለማሳው ተዪው ማለት ግፍ ነው። ስለዚህ የገጠር መብራትና ምድጃ የግብርና ፖሊሲ ጉዳይ ነው እላለሁ።

የመጀመሪያው ወገን ግን የባሰውን ዘንግቷል። ከሚታረሰው መሬታችን 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ ነው። እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ አሉሚኒየምና ብረት ፎስፈረሱን ስለሚይዙት ሥሩ አያገኘውም። ዩሪያውም ከዓመት ዓመት አሲዳማነቱን ያባብሰዋል። አገር ዶላር ያወጣችበት፣ ገበሬው ተበድሮ የገዛው የፎስፈረስ ማዳበሪያ በአብዛኛው ፍሬ ሳይሰጥ አፈር ውስጥ ታስሮ ይቀራል። አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ገበሬው እህል አልሰጥ ባለው መሬት ላይ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተክሎ ከሰል ሲያከስል ኖሯል። ብልኃቱን አደንቃለሁ፤ ኑሮውን ደግፎለታል። ጤፍና ገብስ ያበቅል የነበረ ደጋ የከሰል ምንጭ መሆኑ ግን ያሳስበኛል።

የዚህ አፈር መድኃኒት ኖራ ነው። ድንጋዩ በዓባይ ሸለቆ ሞልቷል፤ እንደ ማዳበሪያው ከባሕር ማዶ አይጠበቅም። የሚያስቸግረው ክብደቱ ነው፤ ለአንድ ሄክታር ማዳበሪያ ጥቂት ኩንታል ሲበቃ ኖራው እንደ አሲዳማነቱ በአሥሮች የሚቆጠር ኩንታል ይፈልጋል። መንግሥት ማዳበሪያን በቢሊዮን ብር ሲደጉም ኖሯል። የዚያ ድጎማ አንድ እጅ ወደ ኖራ ማጓጓዣ ይዙር፤ አፈሩ ተመርምሮ አሲዳማ በሆነበት ቀበሌ ሁሉ ኖራው ከማዳበሪያው ቀድሞ መጋዘን ይግባ። አንድ ጊዜ የተበተነ ኖራ ለዓመታት ስለሚሠራ፣ ገበሬው ለእሱ የሚወስደው ብድርም በአንድ መኸር ክፈል የሚባል መሆን የለበትም።