መስኮቱን ተዉት፣ ጣሪያውን ክፈቱልን!

በዚህች አገር አሸናፊ ያልተገኘለት ክርክር ቁጠሪ ብትሉኝ፣ ከአርሰናልና ማንቼ ቀጥሎ የማስቀምጠው የሚኒባስ መስኮትን ነው። ይከፈት ወይስ ይዘጋ? ከሻሸመኔ መናኸሪያ ተሳፍራችሁ የምታውቁ ከሆነ የምለው ይገባችኋል። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ አራት ሰው ከጨመረ በኋላ መኪናው ይነሳል። ገና ኩየራ ሳይደርስ አንዱ ጎረምሳ መስኮቱን ወለል አድርጎ ይከፍተዋል። ከኋላ ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ የጠቀለሉ እናት «የኔ ልጅ፣ ዝጋው እንጂ፣ ነፋሱ ጨረሰኝ እኮ!» ይላሉ። ጎረምሳው ያልሰማ ይመስላል። «ጩፊ!» ይላል ሌላው በኦሮምኛ። «ትልቅ ሰው እየለመኑህ አትዘጋም?» ይላል ሦስተኛው። መስኮቱ ይዘጋል። ነገሌ አርሲ ሲደረስ ደግሞ አንዲት ልጅ ፊቷ ይገረጣል፣ ረዳቱ ፌስታል ያቀብላል፣ መስኮቱ እንደገና ይከፈታል። እንዲህ ሲከፈትና ሲዘጋ አዲስ አበባ ይገባል።

የሻሸመኔ ሰው ሆኖ ለዚህ ጉዳይ ባዳ መሆን አይቻልም። ከተማችን የመንገድ ቋጠሮ ናት። በሰሜን ወደ ባቱ (ዝዋይ)፣ መቂ፣ ሞጆና አዲስ አበባ፣ በደቡብ ወደ ሐዋሳ፣ ዲላና ሞያሌ፣ በምዕራብ ወደ ሃላባ፣ ወላይታ ሶዶና አርባ ምንጭ፣ በምሥራቅ ወደ ኮፈሌ፣ ዶዶላና ባሌ ሮቤ የሚሄደው ሁሉ በእኛ በኩል ያልፋል። አዲስ አበባ ብቻ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን ሁሉ መንገድ የምንጓዘው ተጠጋግተን፣ የአንዳችንን ትንፋሽ ሌላችን እየተቀበልን ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። እናትየውም ልክ ናቸው፣ ጎረምሳውም ልክ ነው። ጥፋቱ የቀዳዳው ቦታ ነው። የረጅም መንገድ ሚኒባስ አየር መውጣት ያለበት በተሳፋሪው ጆሮ አጠገብ ሳይሆን በጣሪያ በኩል፣ በማራገቢያ ነው። ይህንን የማድረግ ግዴታውም የተሳፋሪው ሳይሆን የባለንብረቱ መሆን አለበት።

ሁለት ሰውና አንድ ውሻ

«ይሄንን ደግሞ ከየት አመጣሽው?» የምትሉ አትጠፉም። በከተማችን መሃል ከሚያልፉት ቤት የሚመስሉ መኪኖች ነው ያመጣሁት። ከካይሮ ተነስተው በሞያሌ በኩል ወደ ኬፕታውን የሚወርዱ ፈረንጆች አልጋቸውንና ምድጃቸውን ጭነው ሲያልፉ አይታችኋል። ቀና ብላችሁ ጣሪያቸውን ብታዩ አንዲት አራት ማዕዘን ክዳን አለች። ከክዳኗ ሥር በመኪናው ባለ 12 ቮልት ባትሪ የምትሽከረከር ቬንትሌተር ተገጥማለች።

በአሜሪካና በአውሮፓ ካራቫን ያለው ሰው ይህችን ቬንትሌተር እንደ ቀልድ አያያትም። የድሮዋ ደካማና ጯሂ ናት ብሎ ይነቅላትና በአዲስ ይተካታል። አዲሷ አየር ማስወጣትም ማስገባትም ትችላለች፣ ሙቀቱ ሲጨምር ራሷ ትነሳለች፣ አንዳንዷማ ዝናብ ሲነካት ክዳኗን ራሷ ትዘጋለች። ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ 35 በ35 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ኃይለኞቹ በደቂቃ እስከ 25 ሜትር ኩብ አየር ይስባሉ።

ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ ሁለት ሰውና አንድ ውሻ ለሚያድሩበት መኪና ነው! እኛ አሥራ አምስት ሆነን፣ ከወንበር ሥር ዶሮ፣ በጭናችን ላይ ሻንጣ፣ በጎናችን ደግሞ የሚያስል ሰው ይዘን፣ ጣሪያችን ድፍን ቆርቆሮ ነው።

እስቲ እንደምር

ጋዜጠኝነት ስንማር «ቁጥር አንባቢ ያባርራል» ተብለናል። ለዛሬ ብቻ አትባረሩ።

ዝም ብሎ የተቀመጠ አንድ ሰው በሰዓት ወደ 18 ሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። አሥራ አምስት ሰው 270 ሊትር ማለት ነው። የሚኒባሱን ውስጥ 10 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 10 ሺህ ሊትር አየር የሚይዝ ነው እንበል። ሙሉ በሙሉ የታሸገ ቢሆን በአሥር ደቂቃ ብቻ 45 ሊትር ይጠራቀማል። ከአንድ ሚሊዮን እጅ 4,500 እጅ ማለት ነው። ውጪ ያለው አየር ከ400 ትንሽ ቢበልጥ ነው። እርግጥ ምንም መኪና ሙሉ በሙሉ የታሸገ አይደለም፤ በበሩም በወለሉም ይሾልካል። ቢሆንም ቡልቡላ ላይ ራሳችንን የሚይዘን ነገር «የመንገድ ድካም» ብቻ እንዳልሆነ ለመገመት ይበቃል። ያንኑ አየር ሾፌሩም እንደሚተነፍሰው አትርሱ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳን ሰው ሲያዛጋ ማየት ደግሞ ማንንም አያስደስትም።

አሁን የመፍትሄውን እንደምር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) በኮቪድ ምክንያት ባወጣው የአየር ዝውውር ምክረ ሃሳብ፣ ሰው በሚሰበሰብባቸው ቤቶች ለአንድ ሰው በሰከንድ 10 ሊትር ንጹህ አየር እንዲደርስ ይላል። ለአሥራ አምስት ሰው በሰከንድ 150 ሊትር፣ በደቂቃ ደግሞ 9 ሜትር ኩብ ይሆናል። ያቺ የካራቫን ቬንትሌተር በወረቀት ላይ 25 ትስባለች ብለናል። መኪና ላይ ስትገጠም ግማሽ ጉልበቷን ብታጣ እንኳ ከበቂ በላይ ናት። ረዳቱ አምስት ትርፍ ሲጨምርበት ሂሳቡ 12 ይደርሳል፣ ያኔ ጫፍ ላይ ናት። ትርፍ መጫን ወንበር ብቻ ሳይሆን አየርም መስረቅ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ምች የሚመታን ከየት ነው?

የእናቶቻችንን ፍርሃት መናቅ የእኛ ትውልድ በሽታ ነው። «ነፋስ አይገድልም ማዘርዬ» ብሎ ማሾፍ ቀላል ነው። በሩጫ ላይ ያለ መኪና ነፋስ አንገትና ጆሮ ላይ ሲያርፍ ግን ያማል። አቧራው አለ፣ ከፊት ያለው የጭነት መኪና ጭስም አለ። እማማ ያለ ምክንያት አይጮሁም።

ችግሩ የምንፈራው ነገር መሳሳቱ ላይ ነው። ኒሞኒያን በአማርኛ «የሳንባ ምች» ብለን ሰይመነዋል። ምች ሲባል ደግሞ ለሁላችንም የሚታየን የሚመታ ነገር ነው፤ ዳማከሴ ታሽቶ የሚለቅ። ስለዚህ ሳንባችንን የሚመታው በመስኮት የገባው ነፋስ ይመስለናል። ሳንባ ምችን የሚያመጡት ግን ባክቴሪያና ቫይረስ ናቸው። እነሱ ደግሞ በብዛት የሚመጡት ከመስኮት ሳይሆን ከጎናችን ከተቀመጠው ሰው ነው።

የሳንባ ነቀርሳ ነገርማ ይለያል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ዊሊያም ዌልስና ሪቻርድ ራይሊ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ የሚገርም ሙከራ አድርገዋል። የቲቢ ሕሙማን ከተኙበት ክፍል አየሩን በቱቦ እየሳቡ ከላይኛው ፎቅ ወደተቀመጡ ጊኒ ፒግ የሚባሉ እንስሳት ሰደዱት። እንስሳቱ አንድም ሕመምተኛ ሳያዩ፣ በአየሩ ብቻ ቲቢ ያዛቸው። የደረሳቸው አየር አስቀድሞ በአልትራቫዮሌት ብርሃን የታከመላቸው ግን ተረፉ። ቲቢ በትንፋሽ አየር እንደሚተላለፍ ከዚህ ወዲያ መከራከር አስቸጋሪ ሆነ።

ወደ እኛ ኑሮ የሚቀርበው ደግሞ የፔሩ ነው። በ2007 (እ.ኤ.አ.) ከሊማ ከተማ ሁለት ጥናቶች ወጡ። አንደኛው በሚኒባስ መመላለስና በሳንባ ቲቢ መያዝ ግንኙነት እንዳላቸው ያሳየ ነበር። ሁለተኛው በስምንት ሆስፒታሎች ውስጥ የአየር ዝውውርን ለካ። በርና መስኮት ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ይቀየር ነበር። ይህም ሁሉ ነገር ተዘግቶ ከሚገኘው 18 እጥፍ ነው። ለአደገኛ ክፍሎች በማሽን እንዲደርስ የሚመከረው እንኳን 12 ነው። ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፊ የሆነ አሮጌ ሕንጻዎች ዘመናዊዎቹን በልጠው ተገኙ።

አገራችን ከ2021 እስከ 2025 (እ.ኤ.አ.) በነበረው የዓለም ጤና ድርጅት ዝርዝር ቲቢ ከበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ነበረች። ይህን የምለው ጎናችሁ ያለው ሰው ባሳለ ቁጥር ፊታችሁን እንድታዞሩበት አይደለም። መድኃኒቱን በትክክል የጀመረ ሰው ብዙ ሳይቆይ ማስተላለፉን ያቆማል። የሚያስፈራው ገና ያልተመረመረው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እናንተም እኔም ልንሆን እንችላለን። ሰውን ከመፍራት አየሩን ማስወጣት ይቀላል።

«ታዲያ መስኮት ክፈቱ በሉና ጨርሱት!»

ብለን ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን ተገኘ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ተሳፋሪ በግማሽ ሆነ፣ ታሪፍ ጨመረ፣ «መስኮት ክፈቱ» የሚለው ምክር ከየአቅጣጫው መጣ። ለጥቂት ጊዜ ተከፈተ። ፍርሃቱ ሲበርድ መስኮቱም ተዘጋ፣ ትርፍም ተመለሰ። አሥራ አምስት ሰው በየኪሎ ሜትሩ እንዲስማማ የሚጠይቅ መፍትሄ ዕድሜው አጭር ነው። የጣሪያ ቬንትሌተር ግን የማንንም ፈቃድ አትጠይቅም።

አሠራሯ ቀላል ነው። የሞቀ አየር ወደ ላይ ይሄዳል፤ የባቱና የመቂ ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ ሥር ይጠራቀማል። ከኋላ በኩል ጣሪያው ላይ ያለችው ማራገቢያ ያንን ትስባለች። በምትኩ ንጹሁ አየር ከፊት ይግባ፦ ሾፌሩ የዳሽቦርዱን አየር ማስገቢያ ወደ ውጪ አየር ያዙረው፣ የፊት መስኮቱም ሁለት ጣት ያህል ገርበብ ይበል። ነፋሱ የእማማን ጆሮ ሳይነካ ያልፋል። የቤቱ አየር ግን ይቀየራል።

ሦስት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። አንደኛ፣ ከፊት መግቢያ ሳይኖር ከላይ ብቻ መሳብ አደጋ ነው። መኪናው አየር ሲያጣ በተበላሸው የኋላ በር ስንጥቅ የራሱን የጭስ ማውጫ ጭስ ሊስብ ይችላል። ሁለተኛ፣ የጣሪያው የብረት ጎድን መቆረጥ የለበትም። መኪናው ቢገለበጥ ሕይወታችንን የሚይዘው እሱ ነው። ቀዳዳው በጎድኖቹ መካከል ይሁን። ሦስተኛ፣ ጠርዙ በደንብ ካልታሸገ ክረምት ሲገባ የሚዘንበው ሰው ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ክዳኑን ለዘለዓለም የሚደፍነው ረዳቱ ራሱ ይሆናል።

«ባትሪ ይጨርሳል» ለሚል ሾፌር፦ አንዲት እንዲህ ያለች ቬንትሌተር 4 አምፒር ብትወስድ ወደ 48 ዋት ነው። የአንድ ተራ የፊት መብራት አምፖል 55 ዋት ይበላል። «ኤሲ አለኝ» ለሚል፦ ኤሲ የውስጡን አየር እያዞረ ብቻ ከሆነ ያው የእኛኑ ትንፋሽ አቀዝቅዞ መመለሱ ነው፤ ነዳጁም አለ። «ኤሌክትሪክ ነገር አልወድም» ለሚል ደግሞ በጀርመናዊው አንቶን ፍሌትነር ስም የሚጠራ፣ መኪናው ሲሄድ በነፋሱ ብቻ የሚሽከረከር የጣሪያ ማናፈሻ አለ። መኪናው ሲቆም ይቆማል እንጂ ከድፍን ጣሪያ ይሻላል።

ማን ይጀምር?

ቅጥቅጥ የሚባሉትን አውቶብሶች አካል እዚሁ አገር የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉን። ላሜራ ቆርጦ ወንበር የሚደረድር እጅ አንዲት ክዳን መግጠም አያቅተውም። ትልልቆቹ አውቶብሶች ደግሞ ብዙዎቹ የጣሪያ መውጫ አስቀድሞ አላቸው። ለእነሱ የሚያስፈልገው እንዲከፈት ማድረግ ብቻ ነው።

የቀረው ማስገደድ ነው። ባለንብረት ሁሉ ቦሎ ለማግኘት በዓመት አንዴ መኪናውን ያስመረምራል። ፍሬን ይታያል፣ መብራት ይታያል፣ ጎማ ይታያል። ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተሳፋሪ የሚጭን መኪና ላይ «አየር ማስወጫው ይሠራል?» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ምን ይከብዳል? መጀመሪያ ለአዲስ የሚገቡትና አዲስ አካል ለሚሠራላቸው፣ ቀስ በቀስም ለነባሮቹ ይሁን። ወጪው ለባለንብረቱ ዜሮ ነው አልልም። ዕቃውን አምጥቶ፣ ሠራተኛ ከፍሎ፣ አንድ ቀን መኪናውን ማቆም ይጠይቃል። ግን በየቀኑ ትርፍ ጭኖ የሚያገኘውን ያህል ለአንድ ሰሞን ቢያስቀምጥ ይሸፍነዋል ብዬ እገምታለሁ። ካልሸፈነው እንኳ እኛ በሳንባችን ከምንከፍል እሱ በኪሱ ቢከፍል ይቀላል።

እስከዚያው ግን ተሳፋሪ ነንና እኛም ድርሻ አለን። «መስኮት ክፈት» ብለን ከእናቶቻችን ጋር ከመጣላት፣ ገንዘባችንን ስንከፍል ረዳቱን «የጣሪያው ክዳን ይከፈታል?» ብለን እንጠይቅ። ዛሬ ይስቅብናል። አሥረኛው ሰው ሲጠይቀው ለሾፌሩ ይነግራል፣ ሾፌሩ ለባለንብረቱ። መኪና ውስጥ ቴሌቪዥንና ትልልቅ ስፒከር የገቡት ተሳፋሪ ይወደዋል ተብሎ ነው። ንጹህ አየርም እንደምንወድ ይወቁልን።